የእትዬ አትጠገብ ቲማቲም

እኛ መድኃኒት ለማዘዝ እንጂ እውነቱን ለመናገር የተፈጠርን ሰዎች አይደለንም። እስቲ ደብረ ማርቆስ ውስጥ «አሞኛል» ብለው ሰው መሀል ይቀመጡ። ዳማከሴው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጠበሉ ሳይጠይቁ ይጎርፍልዎታል። «ይሄስ አይድንም» የሚልዎት ግን በሻማ ቢፈለግ አይገኝም። ደግሞስ እንዴት ተብሎ!

ጎረቤቴ ጋሽ አላምረው ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ከደጀን ቁልቁል ዓባይን ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አትጠገብ በሰኔ ጓሯቸው ውስጥ ቲማቲም ተከሉ፤ ሐምሌ ሳይጋመስ አረፉ። ለቅሶ ቤት ደግሞ የሟች ነገር እንዳይነሳ ሌላ ጨዋታ ይፈለጋል። ጋሽ አላምረው የእሷ እጅ የነካው የመጨረሻ ነገር ነው ብለው ከቲማቲሙ ዓይናቸውን አይነቅሉም ነበር፤ ስለዚህ ቅጠሉ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ለቀስተኛው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ምች መታው አለ፤ ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። አመድ ተነሰነሰበት። የነፍስ አባታቸውም መጥተው ቅጠሉን በጠበል አረሰረሱት።

እኔ እንጀራዬን የበላሁት በግብርና ሥራ ነው። ቅጠሉን ገልብጬ ሳየው ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ይዟል፤ ግንዱም መጥቆር ጀምሯል። ይህ የክረምት በሽታ ቅጠል በረጠበ ቁጥር ይብሳል፤ እዚህ ከደረሰ ደግሞ ነቅሎ ከማቃጠል ሌላ መላ የለውም። ካልተነቀለ አጥር ተሻግሮ ድንች ይፈጃል፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ድንች የእኔ ነው። ግን ጠበል ቅጠል ላይ አይረጭ ብሎ የሚከራከር ባለሙያ እዚህ አገር ምን ኑሮ አለው? ሐዘንተኛንስ የሚስትህን ተክል ንቀል የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ፀሐይ ሲወጣ ያገግማል አልኳቸውና ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከአርባው በኋላ አንድ ጠዋት ጥቂት ጎረቤቶች ጓሮው ዘንድ ቆመን ሳለ፣ ጋሽ አላምረው አንዱን ፍሬ ነካ ቢያደርጉት ጠቁሮ በስብሶ ኖሮ እጃቸው ላይ ወደቀ። ሁላችንም እንደ ልማዳችን አይዞዎት፣ ይተርፋል ማለት ጀመርን። ቀና ብለው አዩን።

«እሷንም እንዲሁ ነበር ያላችሁኝ» አሉ። «ትድናለች፣ ትድናለች ስትሉኝ ሳልሰናበታት ሄደች።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሥራህ ነው። እውነቱን ንገረኝ።»

«መነቀል አለበት፣ ጋሼ።»

ተንበርክከው አንድ በአንድ ነቀሉት፤ እያንዳንዱን ሥር አፈሩን ቀስ ብለው እያራገፉ። እስከዚያ ቀን ሰው ፊት ያላለቀሱ ሰውዬ አትጠገብ፣ አትጠገብ እያሉ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። እርጥቡ ተክል እሳት አልይዝ ብሎ ስንታገል ረፈደ።

ሲያበቃ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ያንተን ድንች ነካብህ እንዴ?» አሉኝ።

ድንቼ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እስከ ግንዱ ጠቁሮ ነበር።

«ኧረ ደህና ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ምንም አልነካውም።»