ስድስተኛዋ ቁልፍ

በየሰፈሩ አንድ ብርቅ ዕቃ ያለው፣ ግን ዕቃውን ከማስረዳት በቀር የማይጠቀምበት ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር የጥራቮሎው ክቡር አቶ ወልደኣብ ናቸው። በቅርብ አውቃቸዋለሁ፤ ባለቤታቸው ነኝ።

ዕቃው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። በመካኒክነት ያሠራቸው የነበረ ጣልያን ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው የሄደ። የሠሩት አኮርዲዮን ሠሪዎች ስለሆኑ እንደ አኮርዲዮን በሚያብረቀርቅ ቀይ ፕላስቲክ ተለብጧል። አንገቱ እንጨት ሳይሆን አልሙኒየም ነው። ደረቱ ላይ ስድስት ቁልፎች አሉት፤ አንዷን ሲጫኗት ድምፁ ይወፍራል፣ ሌላዋን ሲጫኗት ይቀጥናል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ይህን ሁሉ በቃሌ የያዝኩት ወድጄ አይደለም።

ስድስተኛዋ ቁልፍ በሠርጋችን ዋዜማ ተሰበረች። "ጎደሎ ጊታር አይመታም" አሉ፤ እኔም በሰው ክራር ተዳርኩ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫው ከጣልያን እስኪመጣ እንጠብቃለን።

በጦርነቱ ጊዜ ለፍተሻ የገቡ ወታደሮች ሳጥኑን አስከፍተው ምን እንደሆነ ጠየቋቸው። አስረዷቸው። ሦስተኛዋ ቁልፍ ላይ ሲደርሱ ወታደሮቹ ጓዳውን እንኳ ሳያዩ ወጡ። ነጻነት የመጣ ቀን፣ ከተማው ሁሉ ዋናው ጎዳና ኮምቢሽታቶ ላይ ሲጨፍር፣ እሳቸው እንባቸውን ጠርገው "እንግዲህ መርከብ ይገባል፤ ቁልፏም ትመጣለች" አሉ።

መርከቡ ገባ። ቁልፏ አልመጣችም። የልጃችን የሰገን ሠርግ ግን ደረሰ፤ አባቷ ጊታሩን እንዲመቱላት ብቻ ለመነች። በሠርጌ እኔን የቀረብኝ እሷንም እንዳይቀርባት ፈራሁ፤ ግን አልተናገርኩም፣ መናገር ሰልችቶኛል። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ስለ ስድስተኛዋ ማስረዳት ሲጀምሩ ልጅቷ አቋረጠቻቸው።

"ኣቦይ፣ አምስቱ ይበቁኛል።"

አቶ ወልደኣብ ማስረዳታቸውን ትተው ሳጥኑን ከፈቱ። ስለዚያ ጊታር ጀምረው ሳይጨርሱ ሲተዉ አይቼ አላውቅም።

ዳሱ ውስጥ መቱላት። እውነቱን ለመናገር ጣታቸው ዝጓል፤ ዜማውንም መንገድ ላይ ጣሉት። አንዱ እንግዳ ማኪና እያስነሡ ነው ወይ ብሎ አሳቀ። እኔ ግን ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አንዷን ቁልፍ ሲጫኗት ድምፁ ወፈረ፤ ሌላዋን ሲጫኗት ቀጠነ። ለካ ሲሉኝ የኖሩት ሁሉ እውነት ነበር።

በማግስቱ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። የሚያስረዱት ያለቀባቸው መሰለኝ። ቤቱ ጭር አለብኝ። ሻሂ ቀዳሁላቸውና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ወልደኣብ፣ ስድስተኛዋ ብትሠራ ኖሮ ግን ድምፁ ምን ይሆን ነበር?"