የጋሽ አስፋው የአንድ ሰዓት ዜና

ዜናን በየሰዉ ልክ እየሰፋ የሚያድል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በገርጂ ኮንዶሚኒየም ይህ ሹመት የጋሽ አስፋው ነው። ጡረታ የወጡት ከመጋዘን ጠባቂነት ቢሆንም፣ ባለሱቋ ሸሪፋ በልቧ «ክቡር ዋና አዘጋጅ» ትላቸዋለች።

ክቡርነታቸው ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል ሸሪፋ ሱቅ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ትንሿን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ። ከዚያ እደላው ይጀመራል። ለታክሲ ነጂው ለሙራድ ቤንዚንና የተዘጋ መንገድ፤ ለሸሪፋ ዘይትና ስኳር። ደም ግፊት ላለባቸው ለእትዬ ገንዘቤ ደግሞ ጦርነቱ ሁሉ ተነቅሶ ይወጣና ጎርፉ «ደህና ዝናብ ጥሏል» ተብሎ ይቀርባል። አንድ ቀን ተሳስተው የእትዬ ገንዘቤን ዜና ለሙራድ ሰጡት። አገር ሰላም ነው ብሎ ወጥቶ፣ ተሳፋሪ እንደጫነ መገናኛ ላይ ተገትሮ አረፈደ።

የሸሪፋ ቅሬታ ሌላ ነው። ወንበሩ የእሷ፣ ጥላው የእሷ፤ የራዲዮውን ባትሪ ግን ጋሽ አስፋው መንገድ ተሻግረው ከሌላ ሱቅ ይገዛሉ። ይህ ነገር ሁሌም ይከነክናታል።

ባለፈው ዓመት የልጇ የሳና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲጠበቅ፣ ሸሪፋ እንቅልፍ አጥታ ከረመች። አንድ ማለዳ ዛሬ ምን ተባለ ብትላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ደመና እንደሚኖር ነግረዋት፣ ራዲዮውን ኪሳቸው ከተው እብስ አሉ። ወዲያው ሳሙና ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ውጤት መለቀቁን ከዜና እንደሰማ አወራት። ጋሽ አስፋው የሚደብቁት ክፉ ክፉውን ነዋ። ሸሪፋ ልጄ ወድቃለች ብላ ከስኳሩ ኬሻ ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሳይሆን፣ ደመናውም ሳይመጣ፣ ጋሽ አስፋው ከኢንተርኔት ቤት እያለከለኩ ደረሱ። የሳናን የፈተና ቁጥር ለካ ከራዲዮው ጀርባ በፕላስተር ለጥፈው ነው የከረሙት።

«አልፋለች» አሉ። «ሳላጣራ አልነግርሽም ብዬ ነው።»

ሸሪፋ «አልሐምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች። እንባዋን ስትጠርግ ግን አንድ ነገር ቆረቆራት።

«ባታልፍስ ኖሮ ምን ሊሉኝ ነበር?»

«ባትሪ አልቆብኝ ዜናው አመለጠኝ እልሽ ነበር።»

«ባትሪ የምሸጠው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ከአንቺ የማልገዛ መሰለሽ? መቼ እንደገዛሁ ካወቅሽማ መቼ እንደሚያልቅም ታውቂብኛለሽ።»

ጋሽ አስፋው ዛሬም ባትሪ ሊገዙ መንገድ ይሻገራሉ። ሸሪፋ ያን ጊዜ ዕቃ የምታስተካክል መስላ ፊቷን ወደ መደርደሪያው ታዞርና፣ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ ትላለች።