ውኃ ሰው ሲቀዳ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ውኃ ሰው ሊቀዳ ተሰልፎ አየሁ።

ሰልፉ ከግቢዬ በር ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ይደርስ ነበር። የተሰለፈው ሁሉ ውኃ ነው። ነጠላ ያጣፋ ውኃ፣ ባርኔጣ የደፋ ውኃ፣ ልጅ ያዘለ ውኃ። እያንዳንዱ ቢጫ ጀሪካኑን ከፊቱ አስቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። እኔም የሠርግ ቤት ሰው ነኝና እንግዳ የመጣ መስሎኝ «ግቡ እንጂ! ምን ደጅ ያስቆማችኋል?» አልኩ። ነገሩ እንግዳ መሆኑ ጨርሶ አልታየኝም።

ፊት የቆመችው አሮጊት ውኃ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንተ ደግሞ ከላይ ምን ትሠራለህ?»

«የት ልሁን ታዲያ?»

«ሰው አይደለህም እንዴ? ሰው የሚገኘው ከታች ነው።» ወደ ኋላዋ ዞራ ጮኸች። «አያችሁልኝ! ሜዳ ላይ ፈሶ የሚባክን ሰው እያለ እኛ እዚህ ተጠምተን እንውላለን!»

ሰልፉ አጉረመረመ። አንድ ወፍራም ውኃ፣ ድሮ ሰው በእጅ ይጠለቅ ነበር፣ ዛሬ ገመድ በገመድ ቢቀጥሉም አይገኝም አለ። ሌላው፣ የተገኘውም ጨው ጨው ይላል ብሎ አማረረ። ግራ ተጋብቼ ዙሪያዬን ሳይ የተሰለፉት በገዛ ጉድጓዴ ላይ ነው። በኔ በልንገረው ጉድጓድ!

ስለዚህ ጉድጓድ ትንሽ ልናገር፤ ሕልሜ ያለ እሱ አይፈታም። ልጄን ስንዱን የምድራት ለዳግም ትንሣኤ ነው። ለወንዱ ወገኖች «ውኃ ከደጄ ነው፣ ጠላው እንደ ወንዝ ይፈሳል» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። የሰፈራችን ቧንቧ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና እንደ ቅቤ ልል ሳለ፣ ግቢዬ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈርኩ። የቆፋሪዎቹ ራስ እንኳ ገና ሳይሰወር ውኃው ተንፎለፎለ። በግ አርጄ «በቃ፣ ውጡ!» አልኳቸው። ከኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ ወይዘሮ ትርንጎ ግን የራሷን ያስቆፈረችው አምና በሚያዝያ ንዳድ ነው፤ ቆፋሪው እያለቀሰ፣ ዓለት እያስፈለጠች። ያኔ ሆዴን ይዤ ስቄባታለሁ።

የካቲት ሲብት የኔ ጉድጓድ ይነጥፍ ጀመር። የሷ ንቅንቅ አላለም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሰርቃኛለች! ሠርጉ እስኪያልፍ ጉድጓዷ ይዘጋልኝ ብዬ ለሽማግሌዎች ከሰስኳት፤ ፍርዱም ለዛሬ ጠዋት ተቀጠረ። ሚስቴን አትጠገብንም ከትርንጎ ደጅ አንዲት ጣሳ ብትቀጂ ወዮልሽ ብያታለሁ። እሷም «ኧረ የኛው ሌሊት ሌሊት ያጠራቅማል» እያለች፣ እኔ ሳልነቃ ከጋኖቿ ጋር ደፋ ቀና ስትል ከረመች።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። «ይኼ ጉድጓድ የኔ ነው፣ ሂዱልኝ ከዚህ!» አልኳቸው።

«ያንተ ከሆነማ ግባበት» አለች አሮጊቷ። ጀሪካኗን ዘንበል አደረገችው። ውስጡ ያለሁት ለካ እኔ ነበርኩ። ፈሰስኩ።

ሜዳው ላይ ትንሽ ኩሬ ሆኜ ቆየሁ። ከዚያ መስረግ ጀመርኩ። መጀመሪያ እግሬ ሰረገ፣ ቀጥሎ ሆዴ፣ ኮፍያዬ ብቻ ከላይ ቀረ። አፈሩ ውስጥ የሣር ሥሮች አላፊ አግዳሚውን ይዘው ይመጥጡ ነበር። አንዱ ሥር ክንዴን ያዘና ሳብ አድርጎ ቀመሰኝ።

«እውነትም ጨው በዝቶበታል» ብሎ ተፋኝ።

ከሥሮቹ በታች ወይዘሮ ዋልካ የሚሏት ጥቁር አፈር አልቤርጎ ከፍታ ነበር። እንዲህ ያለ ክፍል የበዛበት አልቤርጎ ዕድሜዬን አይቼ አላውቅም። ክፍሉ ሰው ቆሞ የሚያድርበት እንኳ አይደለም፣ ጠባብ ነው፤ ግን ክፍል በክፍል ላይ ነው። ሁሉም በሰው ጢም ብሏል። በር ግን የሚባል የለም።

«አንድ ክፍል ስጪኝ፤ ጠዋት እወጣለሁ» አልኳት።

«መውጣት?» አለች ገርሟት። «እኔ ያለኝ ክፍል ነው እንጂ መውጫ አይደለም። ዓባይ እንኳ ግንድ ይዞ የሚዞረው ማደሪያ ቢያጣ ነው። እኔ ጋ ያደረ አይዞርም።»

ከግድግዳው ውስጥ አንድ የደከመ ድምፅ ተጣራ። «ወንድሜ፣ ከላይ ነው የመጣኸው? ንጉሡ ደኅና ናቸው?»

የትኛው ንጉሥ ልለው ስል የሚያዝያ ፀሐይ በረታና ወይዘሮ ዋልካ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀች። በስንጥቁ ሾልኬ ወደቅኩ።

የወደቅኩት አሸዋና ጠጠር ሰፈር ነው። እዚያ ክፍሉ በቁጥር ከዋልካ ያነሰ ነው፣ በሩ ግን በያለበት ወለል ብሏል። ሰዉ ከክፍል ወደ ክፍል በዝግታ ይተላለፋል፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። ሰላምታቸው ብቻ ግራ አጋባኝ።

«እንደምን ዋልክ? መቼ ዘነብክ?» አለኝ አንድ ሽማግሌ።

«እኔ አልዘነብኩም፣ ተወልጄ ነው።»

«አይ የዛሬ ልጅ!» ብሎኝ አለፈ።

ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ከሰዉ ጋር ስገፋ አንዲት ሴት እጄን ያዘችኝ። እጇ ለብ ያለ ነበር። «ልንገረው፣ ረሳኸኝ? በሠርግህ ዕለት እጅህን የታጠብክብኝ ውኃ ነኝ።»

«ውኃ ከሆንሽማ ከላይ ሰልፉ ላይ አይደል መሆን ያለብሽ?»

«እኔም ግራ ገብቶኛል» አለች።

ያን ቀን አትጠገብ አጠገቤ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር፤ እጄን ስታጠብ ወደ ጎን ሰረቅ አድርጋ አይታኝ ፈገግ ብላለች። ይኼን ፈገግታ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ይቺ ውኃ ግን ታውቀዋለች። እኔ የረሳሁትን ይዛው ስትዞር ኖራለች። እንባዬ መጣ፤ ሌላ ውኃ እንዳልጨምርባቸው ብዬ ዋጥኩት።

«እስካሁን የት ከርመሽ ነው?»

«መንገድ ላይ ነኛ!» ወደ ላይ አሳየችኝ። የግቢዬ ወይራ ሥሮች ትንሽ ወደ ኋላ ተንጠልጥለው ይታያሉ። «እዚያ ነው የደፉኝ። አሁን አጥርህ ጋ ልደርስ ምንም አልቀረኝም።»

ያን ሁሉ ዘመን ከወይራው እስከ አጥሩ! ኤሊ ብትሆን ስንቴ ደርሳ በተመለሰች።

«ወዴት ነው እንዲህ የምትጣደፊው?» አልኳት።

«ወደ ትርንጎ።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ግቢ ተደፍተሽ፣ እኔ ግቢ ኖረሽ፣ ወደ ትርንጎ? ምን ብላ አባበለችሽ?»

«ማንም አላባበለኝም። ቁልቁለቱ ወደሷ ነው።»

«ታዲያ ጥቅምት ላይ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ያኔማ ቆመን ነበር። ክረምት ሲያጠግበን እንቆማለን፤ በጋ ሲገባ ጋደም እንላለን። አንተ ጥቅምት ላይ መጥተህ ራሳችንን ነክተህ ተመለስክ። ትርንጎ በሚያዝያ መጣች፣ ከነመኝታችን አገኘችን።»

ነገሩ ስለገባኝ ይሁን ስላልገባኝ እንጃ፣ ብቻ በጣም ተናደድኩ። «እከሳለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው ዓለት ውስጥ ገባን። ዓለቱ ክፍል የሚባል ነገር የለውም፣ ድፍን ነው፤ ሰዉ ሁሉ የሚያልፈው በአንዲት ጠባብ ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ሰፋ ባለበት ቦታ ሦስት እንቁራሪቶች ጋቢ ተከናንበው ለዳኝነት ተቀምጠዋል። የመካከለኛው እንቁራሪት የሰፈራችንን ሽማግሌ የአባ ይርዳውን ከዘራ ይዘዋል። ከየት አምጥተው ነው ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ ፈራሁ።

«ከሳሽ፣ ምን ጠፋህ?» አሉኝ።

«ውኃ።»

«ቀለሙስ?»

«ቀለም የለውም።»

«ጆሮው ላይ ምልክት አድርገህበት ነበር?»

«ጆሮ የለውም፣ ጌታዬ።»

«ወዴት ሲሄድ ታየ?»

«ወደ ታች፣ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ።»

«ነድታ ወሰደችው?»

«አይ… ቁልቁለት ነው ይላሉ።»

ሦስቱም ተያዩ። የግራው እንቁራሪት «እንግዲያው ቁልቁለቱ ይከሰስ» አሉ። የቀኙ «ቁልቁለት መጥሪያ ቢደርሰው ይቆማል እንዴ?» ብለው ተከራከሩ። ነገሩ ከረረ። በኋላ የመካከለኛው ከዘራቸውን ዓለቱ ላይ ቀጭ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ የምትፈልገው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የትርንጎ ጉድጓድ ይዘጋልኝ።»

«ሲዘጋ ውኃው ዳገት ወጥቶ ወዳንተ የሚመጣ መስሎህ ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ጉሮሯቸውን ነፍተው ሳቁ። ሳቃቸው ስንጥቁን ሞላው። «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ይሁን፣ ፈርደንልሃል!»

ስለተፈረደልኝ በደስታ ዘለልኩ። እጄን የታጠብኩባት ውኃ ግን ዓለቱን ተደግፋ ታለቅስ ነበር።

«አሁን ምን ሆንሽ?»

«ያን ሁሉ ዘመን የተጓዝኩት ለስንዱ ሠርግ ልደርስ ነበር» አለች። «የምወጣበትን ዘጋህብኝ።»

የትርንጎን ጉድጓድ ከስንዱ ሠርግ ምን አገናኘው? ልጠይቃት አፌን ስከፍት ከላይ የጎማ መቅጃ ቧ ብሎ ወረደና አፈሰኝ። ሽቅብ ተጎተትኩ። የጉድጓዱ ግድግዳ ዙሪያውን የዲጂኖ ጠባሳ ነበረው። አፉ ላይ ወይዘሮ ትርንጎ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ገመዱን ትስባለች።

«አያ ልንገረው ነህ?» አለች አጎንብሳ እያየችኝ። «ደፍርሰሃል።»

«አውርጂኝ! አንቺ ሌባ!»

«ዝም በል፤ ቆየት ስትል ትጠልላለህ።» በነጠላዋ ጫፍ አጥልላ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ገለበጠችኝ። ጀሪካኑን አወቅኩት። እጀታው በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ በክዳኑ ፋንታ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው ያለው። ክዳኑን የጣልኩት ራሴ ነኝ።

«ይኼ የኛ ጀሪካን አይደለም እንዴ?»

«የማን መሰለህ ታዲያ? ዝም ብለህ ግባ። ባለቤትህ ሳይነጋ መጥታ ትወስድሃለች።» ቆረቆንዳውን ወተፈችብኝ። ጨለመ።

ነቃሁ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋው ላይ ደርሳለች። አትጠገብ ጋኖቹ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«ፈረዱልህ» አለችኝ።

«እነማን? እንቁራሪቶቹ?»

«የምን እንቁራሪት ታወራለህ? አባ ይርዳው ናቸዋ፣ ሽማግሌዎቹ። አንተ ስታንኮራፋ ሄደው የትርንጎን ጉድጓድ በድንጋይ ገጠሙት። እንኳን ደስ ያለህ።»

ከአልጋዬ ዘልዬ ወረድኩ። «አላልኩሽም! እንግዲህ የኛ ይሞላል! ምነው ታዲያ ፊትሽ ጠቆረ?»

«ጥንስሱ ውኃ እየጠበቀ ነው። ጋኖቹ ከግማሽ አልዘለሉም።»

«ሌሊት ያጠራቀመውን ጨምሪበታ!»

«የቱ ነው ሌሊት የሚያጠራቅመው?» አለች። «ያንተ ጉድጓድ ከየካቲት ወዲህ እንኳን ውኃ፣ ጤዛ አላየም።»

እግሯ ሥር ቢጫው ጀሪካን ወድቋል። ቀዩ ጨርቅ ገና እርጥብ ነው። ቆረቆንዳው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ይታያል። ውስጡ ባዶ ነው። ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ትርንጎ ምን አለች?» አልኳት።

«ምን ትላለች? ድንጋዩን ሲገጥሙት፣ የስንዱ ጠላ እንዳይጎድል ብላ ነው ያለቀሰችው።»

ከዘራ በሩን አንኳኳ።

«ልንገረው! ተነሣህ ወይ?» አሉ አባ ይርዳው ከደጅ። «ድንጋዩ ከብዶን ነበር። እስቲ መጀመሪያ ውኃ አጠጣን።»