ክብርት አራሚና የጠፈር ሰፈር

የትም ቢኬድ፣ ሰው ለፍቶ የሠራውን ነገር ገርመም አድርገው «እንዲህ አልነበረም!» የሚሉ አንዲት ሴት አይጠፉም። ሰርግ ላይ አሉ፣ ለቅሶ ላይም አሉ። የአንዲት ሠዓሊ ዕጣ ሆኖ ግን እኚህ ሴት በየወሩ ቢሮዋ ድረስ ይመጡላት ነበር።

ሠዓሊዋ አንድ ማተሚያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ «የጠፈር ሰፈር» የተባለውን የልጆች የሥዕል መጽሔት ትሥላለች። መጽሔቱ የተወሰደው በዚያው ስም ከሚታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው፤ ጨረቃ አጠገብ በተንሳፈፈ መንደር ስለሚኖሩ ልጆች፣ ስለ ካፒቴናቸውና ብሎን ስለሚባል ሮቦት ይተርካል። ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት ሥራ ላይ ስለሆነች፣ እሷ የምታውቀው ጣቢያው የሚልክላትን አጭር ታሪክና ጥቂት ፎቶግራፎች ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ከመንገዱ ማዶ ያለው የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ናቸው። ቢሮው ውስጥ «ክብርት አራሚ» ይባላሉ። ስማቸው ሲነሳ የመጽሔቱ አዘጋጅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል፤ ኮቴያቸው ደረጃው ላይ ሲሰማ ደግሞ ሽንት ቤት ገብቶ ይቆልፋል።

መጽሔቱን የሠዓሊዋ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉታል። ስህተት ያለበት ቦታ ሁሉ ስፒል ተሰክቶበታል።

«የካፒቴኗ ካፖርት ኪስ አለው፣ ልጄ። በቴሌቪዥኑ እንዲህ አልነበረም!»

«እትዬ፣ ፎቶግራፉ ላይ እኮ ኪስ የለውም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መፍቻ በአፏ ልትይዘው ነው?»

አንዴ ብሎንን ሲስቅ ብትሥለው ተቆጧት። «ብሎን አይስቅም! ደስ ሲለው መብራቱን ያጠፋል። ያፍራላ!» በሌላ ወር ደግሞ ካፒቴኗ ስትፈራ ጫማዋን እንደምታስር ነገሯት፤ ለማሰብ ጊዜ እንድታገኝ ነው አሉ።

ሠዓሊዋ ለመገላገል ስትል ሁሉንም ታርማለች። የሚገርመው፣ ልጆች በሚልኳቸው ደብዳቤዎች የሚያነሱት እነዚያኑ እርማቶች ነበር። አንዲት ልጅ «እኔም ሳፍር እንደ ብሎን መብራት አጠፋለሁ» ብላ ጻፈች።

በስድስተኛው ዓመት ጣቢያው ተከታታዩን አቆመ።

«ያለ ቴሌቪዥኑ ታሪክ ከየት እናመጣለን?» አለ አዘጋጁ። «የሚቀጥለው እትም የመጨረሻችን ነው።»

ሠዓሊዋ መርዶውን ራሷ ለመናገር መንገዱን ተሻገረች። ስፌት ቤቱ ጠባብ ነው፤ ያልተጨረሱ ቀሚሶች ግድግዳውን ሞልተውታል። ጥግ ላይ አንድ ቴሌቪዥን አለ፤ የውስጥ ዕቃው ወጥቶ የክር ጥቅልል ታጭቆበታል።

«እትዬ... ቴሌቪዥንዎ ይሄ ነው?»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። «ከተቃጠለ አራት ዓመቱ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ።

«ያ ሁሉ እርማት ታዲያ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? እየሰፋሁ ሳስባቸው እንደዚያ ናቸው። ‹እኔ እንዲህ ይመስለኛል› ብል ማን ይሰማኛል? ‹ቴሌቪዥኑ እንዲህ አለ› ሲባል ግን ሁሉም ጸጥ ይላል።»

ሠዓሊዋ ልትቆጣ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሴትዮዋም እያፈሩ አብረዋት ሳቁ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እርሳሷን አወጣች።

«ተከታታዩ ቆሟል፣ እትዬ። ልጆቹ እዚያው እንደተንሳፈፉ ቀርተዋል። አሁን ምን ይሆናሉ?»

ክብርት አራሚ መነጽራቸውን አወለቁ። ቴሌቪዥኑን አልጠቀሱም።

«መጀመሪያ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ውሃቸው ያልቃል።»

አዘጋጁ የዚያን ታሪክ ረቂቅ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ተቀምጦ ጨረሰው። መዝጋቱ ቀረ፤ መጽሔቱ እስከ ዛሬ ይወጣል። ሴትዮዋም በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ራሳቸው የነገሯትን ታሪክ ሳይቀር ያርማሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ያደክማሉ። ታዲያ ትንሽ ያረፈዱ እንደሆነ ሠዓሊዋ እርሳሷን ታስቀምጥና መስኮቱ ላይ ቆማ ማዶ ማዶውን ታያለች።