የሞተሩ መመሪያ አማርኛ ሲሆን

አዲስ ዕቃ ገዝታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ሣጥኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው ዕቃው ሳይሆን መጽሐፉ ነው። «ከመጠቀምዎ በፊት በጥንቃቄ ያንብቡ» ይላል። ደግነቱ ማንም አያነብም። መጽሐፉ ከእናታችሁ ማሕፀን ጀምሮ የምታውቁትን ነገር ሁሉ፣ እሳት ውስጥ አትክተቱት፣ ውሃ ውስጥ አትንከሩት እያለ ሲመክራችሁ ይቆይና፣ እውነተኛው ጭንቅ ላይ ስትደርሱ «ሥዕሉን ይመልከቱ» ብሎ ይሰናበታችኋል። ሥዕሉ ደግሞ የለም። ይህን የምለው በጸሐፊዎቹ ልሣለቅ ብዬ አይደለም። እኔም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጽፌ አውቃለሁ። ያውም ማኅተም ያረፈበት።

ጊዜው ሰው ሁሉ «ጓድ» የነበረበት ጊዜ ነው። እኔ ንፋስ መውጫ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርሁ። በዚያ ዓመት አርብ ገበያ በምትባል መንደር ላሉት ገበሬዎች ማኅበር ከባሕር ማዶ አንድ የወፍጮ ሞተር መጣላቸው። የአካባቢው ሴቶች እስከዚያ ድረስ ወይ ቤታቸው በድንጋይ ሲፈጩ፣ ወይ እህላቸውን ተሸክመው ግማሽ ቀን ሲጓዙ የኖሩ ናቸውና ደስታቸውን መገመት አያቅታችሁም። ታዲያ ከሞተሩ ጋር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንዲት ቀጭን ደብዳቤ አብረው መጡ። ደብዳቤዋ፣ የአማርኛ መመሪያ ከአዲስ አበባ «በቅርቡ» ስለሚላክ እስከዚያ ሞተሩ እንዳይነሣ ትላለች።

«በቅርቡ» ክረምቱን አሳለፈ። ሞተሩ ሸራ ለብሶ ተቀመጠ፤ ዶሮዎችም ከሥሩ ዕንቁላል መጣል ጀመሩ። ሴቶቹ በየዓርቡ ገበያ ሲመጡ ሸራውን ገለጥ አድርገው ያዩታል፤ የታመመ ዘመድ የጠየቁ ያህል ዝም ብለው ይሄዳሉ። በመጨረሻ አንድ ስብሰባ ላይ መመሪያው እዚሁ በራስ አቅም እንዲዘጋጅ ተወሰነ። የራስ አቅም የተባለው እኔ ነበርሁ።

ስለ ሞተር የማውቀው ድምፁን ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። የአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጓድ ኃላፊ ግን የተጠየቅሁት እንግሊዝኛ እንጂ ሞተር አለመሆኑን ነገሩኝ። ረዳት ይሆኑኝ ዘንድ የተመደቡት መሪጌታ ኅሩይ ናቸው። የድጓ ማስመስከሪያ ከሆነችው ከቤተ ልሔም ደብር የመጡ ሊቅ ሲሆኑ በዚያ ሰሞን መሠረተ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። የጽሕፈት መኪናው ተበላሽቶ ስለነበር፣ እኔ የተረጐምሁትን እሳቸው በዚያ የብራና ጽሑፍ በሚመስል እጅ ጽሕፈታቸው ስቴንስል በሚባለው ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ እየቀረጹ በማባዣው እናወጣዋለን።

መዝገበ ቃላቴ ለተማሪ የተዘጋጀች ትንሽ ነገር ነበረች። ለሞተር አልተፈጠረችም። ሥራው እንደ ምንም እየተጓዘ ሳለ «ገቨርነር» የሚባል ዕቃ ላይ ደረስን። ኋላ እንደተረዳሁት ሞተሩ ሲፈጥን ፍጥነቱን የሚገታ ብረት ነው። የእኔ መዝገበ ቃላት ግን ሁለት ትርጉም ብቻ ነው የሰጠችኝ፤ አገረ ገዥ፣ አስተዳዳሪ። አገረ ገዥ ከነሥርዓቱ የተወገደ ስለሆነ፣ ነገር እንዳይመጣብኝ «አስተዳዳሪ» የሚለውን መረጥሁ። ጥንቃቄዬን ልብ በሉልኝ።

መሪጌታ ያንን ገጽ ሲጽፉ ብዕራቸውን ሁለት ጊዜ አሳርፈው ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ድካም ነው ብዬ አለፍሁት።

መመሪያውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ጓድ ኃላፊው መመሪያውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። የነዳጁም የቀበቶውም በሰላም አለፈ። ቀጥሎ «አስተዳዳሪው በየጊዜው ዘይት ካልተቀባ ሥራውን ያቆማል» የሚለው መጣ። አንድ ሰው እህህ ብሎ ሳለ። «ሞተሩ ከመጠን በላይ ከጮኸ አስተዳዳሪው ተጣብቋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በመዶሻ ቀስ ብለህ መታ መታ አድርገው።» ከዚያ በኋላ የሳለም የለም።

አሁን በሳቅ ልትፈርሱ ትችላላችሁ፤ እኛ ግን ያን ቀን አልሳቅንም። በዚያ ሰሞን ሰው ከዚህ ባነሰ ቃል ከቤቱ ተጠርቶ ሲወጣ አይተናል።

«ይህን ሐሳብ ከማን ነው ያገኘኸው?» አሉኝ ጓድ ኃላፊው፣ በጣም ረጋ ብለው።

«ከ... ከመጽሐፉ ነው፣ ጓድ።»

መሪጌታ ሊያድኑኝ ተነሡ። አንድ ቃል ብዙ ትርጓሜ እንደሚኖረው፣ ምሥጢሩም እንደየቦታው እንደሚፈታ ካስረዱ በኋላ «አንድም አስተዳዳሪ የተባለው ብረቱ ነው፤ አንድም...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ፊቴን አዩና ተዉት። ስለ ቀረልኝ ትርጓሜ የዚያን ቀን ያህል አምላኬን አመስግኜ አላውቅም።

ቃሉ ይለወጥ ተባለ። «ተቆጣጣሪ» ብዬ ሐሳብ ባቀርብ፣ እሱ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ሹመት ኖሯል። «መሪ» የሚለው ገና ከአፌ ሳይወጣ መለስሁት። «ጠባቂ» ስል በር ላይ የቆመው ጥበቃ ዞሮ አየኝ። በአማርኛችን ውስጥ ባለቤት የሌለው ሥራ እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። በመጨረሻ መሪጌታ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉና «ያ ነገር ብንለውስ?» አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። «ያ ነገር ከተጣበቀ በመዶሻ መታ መታ አድርገው» ተብሎ ታተመ፤ ማኅተምም አረፈበት።

በሚቀጥለው ዓርብ መመሪያውን ይዘን አርብ ገበያ ወረድን። ሞተሩን እንዲያንቀሳቅሱ የተመረጡት አቶ ሰይድ የሚባሉ የገበያው ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪና ሁሉ እሳቸው ዘንድ እየመጣ ስለሚጠገን ከብረት ጋር ይግባባሉ ተብሎ ነው። ሸራው ተገፈፈ፤ ዶሮዎቹ ተባረሩ። ሴቶቹ አቁማዳቸውን ከፊታቸው ደርድረው ቆሙ። እኔ አነባለሁ፣ አቶ ሰይድ ይሠራሉ፣ ጓድ ኃላፊው ከኋላ ይቆጣጠራሉ።

ሞተሩ ተነሣ። እልል ተባለ። እልልታው ሳያልቅ ግን ሞተሩ ድምፁን እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ መጮህ ጀመረ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ቀበቶው መራገብ ያዘ፣ ሴቶቹ አቁማዳቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ ሸሹ። ገጹን ፈልጌ አገኘሁና «ያ ነገር ተጣብቋል! ይምቱት!» ብዬ ጮህሁ።

«የትኛው ነገር?» አሉ አቶ ሰይድ።

መጽሐፉን አየሁ። «ሥዕል ሰባትን ተመልከት» ይላል። ሥዕል ሰባትን ስቴንስሉ አልቀበልም ብሎን ትተነዋል። ያን ሁሉ ሳምንት ስጽፈው የከረምሁት ዕቃ የቱ እንደሆነ እኔም እንደማላውቀው የታወቀኝ እዚያ ቆሜ ነው። አቶ ሰይድ መጽሐፉንም እኔንም ትተው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ከኋላዬ ጓድ ኃላፊው ትዕግሥታቸው አለቀና ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ፤

«አስተዳዳሪውን ነው የሚልህ! አስተዳዳሪውን በመዶሻ በለው!»

ሁለተኛውን «አስተዳዳሪውን» ሲጀምሩ አቶ ሰይድ በመቀሳቸው እጀታ አንዱን ብረት ኳ አደረጉት፤ ሞተሩም ጸጥ ብሎ በልኩ መዞር ጀመረ። ስለዚህ ቃሉን ገበያው በሙሉ ሰማው። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ድንገት የየራሱን እህል ማየት ጀመረ። ጓድ ኃላፊው እኔ የተናገርሁት ይመስል ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ስለዚያ መመሪያ አንስተውብኝ አያውቁም። ያን ቀን የመጣው እህል ሁሉ ተፈጨ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከአዲስ አበባ የአማርኛው መመሪያ መጣ። ጮማ በሚመስል ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ያንን ቃል እንዴት እንደተወጡት ለማየት በጉጉት ገለጥሁ። «ገቨርነር» ይላል። አልተረጐሙትም። አብሮት የመጣው ደብዳቤ ደግሞ በየቦታው የተዘጋጁ መመሪያዎች ተሰብስበው እንዲመለሱ ያዝዛል።

አርብ ገበያ ወረድሁ። አቶ ሰይድ መጽሐፋችንን ከሚስማር ላይ አወረዱት። የጨርቅ ልባስ ሰፍተውለታል። ስገልጠው ዳርና ዳሩ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ፣ መሠረተ ትምህርት በጉልምስና የደረሰለት ሰው ፊደሎች ናቸው። «ጧት ጧት ያስነጥሰዋል፣ አትደንግጥ» ይላል አንዱ። «ጤፍ ሲሆን ቀስ።» «እዚህ ላይ መምህሩ ተሳስቷል።» እዚህ ላይ መምህሩ ተሳስቷል የሚለው ብዙ ቦታ አለ።

«አዲሱን ስጠኝ፣ ይቀመጣል» አሉኝ። «ይኼን ግን አልሰጥህም፣ መምህር። ስሕተቱን ለምጄዋለሁ።»

ምን ልበላቸው? ንፋስ መውጫ ተመልሼ የአርብ ገበያው መመሪያ በአይጥ ተበልቶ መጥፋቱን ጻፍሁና እፎይ ብዬ ተቀመጥሁ። ወር ሳይሞላ መልስ መጣ። አይጦቹ ከየት እንደመጡና ስንት እንደሆኑ፣ ምን እርምጃም እንደተወሰደባቸው ዝርዝር ማብራሪያ በሦስት ቅጂ እንድልክ ይጠይቃል። ደብዳቤውን ይዤ መሪጌታ ኅሩይ ዘንድ ሄድሁ። አነበቡት፣ አጥፈው አስቀመጡት፣ ስቴንስሉን ዘረጉ፤ ከዚያም ብዕራቸውን አንሥተው ቀና ብለው አዩኝና፣

«መቸም እንዳለፈው ጊዜ እንዳንሆን፤ አይጦቹን ምን ብለን እንጥራቸው?» አሉ።