እትዬ ተመስገን እና የጠበበው ጫማ

በየቤቱ አንድ አመስጋኝ አለ። ጣሪያው ሲያፈስ «ባልዲ አላጣን፣ ተመስገን» ይላል፤ ሌባ ቤቱን ሲያራቁተው «በሩን ትቶልናል፣ ተመስገን» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ከሩቅ ሲያዩት ቅዱስ ነው፤ አብረውት ሲኖሩ ግን ጨጓራ ይልጣል።

ጫማ ሻጯ በምትኖርበት አራተኛ ፎቅ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። ክብርት እትዬ ከሙአለ ሕፃናት መምህርነት በጡረታ ቢሰናበቱም መምህርነቱ እሳቸውን አልተሰናበተም። ሕንፃው በሙሉ «እትዬ ተመስገን» ነው የሚላቸው። እንዴት አደሩ ቢሏቸው ተመስገን። ሊፍቱ ተበላሸ ቢሏቸው፣ «እግር ሰጥቶናል፣ ተመስገን»።

ባልየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድረው ከስንት አንድ ቀን ነው። ጫማ ሻጯ በስልክ ስሞታ ስታሰማው፣ «አንቺ ደግሞ፣ እህቴ ልጆቹን ምስጋና ብታስተምር ምን ከፋሽ?» ይላታል። እሱ ምን አለበት፣ ጋቢናው ውስጥ ግጥም የለ።

የክብርት እትዬ ሕግ አጭር ነው፦ ማንም ልጅ ሁለት ስንኝ ምስጋና ሳይገጥም ምንም ነገር አይነካም። ጠዋት ትንሿ ልጅ ዳቦዋን ከመግመጧ በፊት ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፦

ዳቦው ለስልሷል፣ ሻዩም ሞቀ፣
ሆዴ ሳይጠግብ ጥርሴ ሳቀ።

«አሜን! ያመሰገነ ይጨመርለታል!» ይላሉ እትዬ፤ የሚጨመር ዳቦ ግን የለም። ማታ መብራት ሲጠፋ ሕንፃው ሁሉ ይራገማል፤ ከአራተኛ ፎቅ ግን የሕፃናት መዝሙር ይሰማል፦

መብራት ቢጠፋ ሻማው በራ፣
ጥላዬ ጨፈረ ከእኔ ጋራ።

ታላቅየው ልጅ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እግሩን አጣምሮ እየዘለለ ሁለት ስንኝ አጣድፎ ወረወረ። «ቤት አልመታም፤ ድገመው» አሉት። «አክስቴ፣ ሊያመልጠኝ ነው!» «ድገመው፣ የኔ ጌታ።» ደገመው። ግጥሙ ቤት መታ፤ ሱሪው ግን ታጥቦ ተሰጣ።

ጫማ ሻጯ ቀኑን ሙሉ በሰው እግር ሥር ተንበርክካ ነው የምትውለው። ማታ ርቧት ስትገባ ሾርባው እየቀዘቀዘ ለማንኪያው፣ ለጨው፣ ለወንበሩ እግር ሳይቀር ምስጋና ይቀርባል። «እማዬ፣ ተራሽ!» ሲሏት፣ «እኔ ግጥም አላውቅም፤ ርቦኛል» ትላለች። ለባሏ እህት ክብር ስትል ጥርሷን ነክሳ ብዙ ቻለች። የጫማው ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ያን ቀን የልጅቷን እግር ልታጥብ ካልሲዋን ብትስብ አልወጣ አለ። ደም ከጣቷ ጋር አጣብቆታል። የትልቁ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል፤ ተረከዟም ተልጧል።

«ጫማሽ ከጠበበሽ ስንት ጊዜው ነው?»

«ቆየ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?»

«አመስግኜበት ነበራ!» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አመስግኜበት ስጨርስ ጠበበኝ ብል ውሸታም አልሆንም?» ከዚያ እናቷ ያላመነቻት መስሏት ግጥሙን አለችላት፦

እግሬ ጫማ አለው፣ ጫማዬ ክር አለው፣
ይሄን ለሰጠኝ ምስጋናዬ ይድረሰው።

የጫማ ሻጯ ዓይን ደም ለበሰ። የምትሠራበት ሱቅ ውስጥ ደንበኛ በይሉኝታ «ልክ ነው» ሲል የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፣ ፊቱን አይታ፣ «ጠቦሃል፣ አውልቀው» የምትል ሴት ናት። የገዛ ልጇ በጠባብ ጫማ ስታነክስ ግን አላየችም። ያንገበገባት ይሄ ነበር፤ የወረደችው ግን በእትዬ ላይ ነው። ጫማውን አንጠልጥላ ሳሎን ገባች።

«ያመሰገነ ይጨመርለታል አላሉም? ይኸው ተጨመረላት! ቁስል ተጨመረላት!»

«እኔ እኮ...»

«እርስዎ እኮ የልጆቼን አፍ ዘጉብኝ! ነገ አንዱ ጉልበተኛ ሲረግጣቸው ለረገጣቸው እግር ግጥም ሊገጥሙለት ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ፤ ተመስገን ግን አልወጣም። ጫማውን ተቀብለው እጃቸውን ውስጡ ከተቱ፣ ጣቶቻቸው ሲጨናነቁ ተመለከቱ። ከዚያ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

በማግስቱ ራት ያለ ግጥም ቀረበ። ሾርባው ትኩስ ነበር። ጫማ ሻጯ ስትመኘው የኖረችው ትኩስ ሾርባ አልዋጥ አላት። ልጆቹ አቀርቅረው ማንኪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ይሄም አናደዳት።

እትዬ ብርጭቆውን በማንኪያ መቱት፤ ድሮ ክፍል ውስጥ ጸጥታ የሚያስከብሩት እንዲህ ነበር። «ሕጉ ተሻሽሏል» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ስሞታ፣ ከዚያ ምስጋና። እግዜር ሁለቱንም ይሰማል፤ አንዱን ያስቀረሁባችሁ እኔ ነኝ።» ወደ ጫማ ሻጯ አላዩም። «ጀምሪ፣ ትንሿ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች፦

ጫማዬ ጠቦ ጣቴን ነከሰኝ፣
እማዬ ጮኸች፣ ጩኸቷ አዳነኝ።

ጫማ ሻጯ ሾርባዋ ላይ አቀረቀረች። ዓይንሽን ለምን ጠረግሽ ብትባል እንፋሎቱ ነው ልትል ተዘጋጅታ ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም። ታላቅየው ስለ መታጠቢያ ቤቱ ያቀረበው ስሞታ እዚህ አይጻፍም።

«የእርስዎስ፣ አክስቴ?» አለች ልጅቷ።

እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦

ደረጃው በዛና ጉልበቴን አመመኝ፣

አሉና አቋረጡ። ለሻማ ጥላ ግጥም የማያጡት ሴትዮ ሁለተኛው ስንኝ ጠፋባቸው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመልሱት እሳቸው ናቸው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ጀምሮ አራቱንም ፎቅ በእግር ነው። ጫማ ሻጯ ግድግዳ ተደግፈው ሲወጡ ብዙ ጊዜ አይታለች። ደህና ነዎት ስትላቸው ተመስገን ብለዋት አምናቸዋለች። ለካ በዚህ ቤት በጠባብ ጫማ የኖረችው ልጅቷ ብቻ አልነበረችም።

ጫማ ሻጯ ብድግ ስትል ወንበሩ ተገለበጠ።

«ሳይነግሩኝ ከርመው ንዴቱ ገደለኝ!» ብላ ጮኸች። ሱቅ ውስጥ እንደምታደርገው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች። «እዚህ ጋ ነው? ወይስ እዚህ? አይዋሹኝ፣ ፊትዎን እያየሁ ነው! ከነገ ጀምሮ ልጆቹን የማደርሰው እኔ ነኝ። አሠሪዬ አረፈድሽ ካለ ያባርረኝ!»

ትንሿ ልጅ የአክስቷን ስንኝና የእናቷን የመጀመሪያ ጩኸት በከንፈሯ ደጋገመቻቸው። ፊቷ በራ።

«አክስቴ፣ የእማዬ ግጥም ቤት መታ!»

«አሜን» አሉ እትዬ ተመስገን። ጫማ ሻጯ መቆጣቷን አላቆመችም፤ ጉልበታቸውንም አልለቀቀችም።