ጋሽ ጠሃና ንፉጉ ሰርቨር

ሳይጠሩት መጥቶ የሚረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ መርካቶ ግን ለሌላው ሰፈር የሚተርፍ አላት። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ክቡር መሐንዲስ ጠሃ ናቸው። መሐንዲስነቱን ማን እንደሰጣቸው እስካሁን አልተጣራም።

ማክሰኞ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲ ስጠብቅ ክንዴን ያዙኝ። «ና እስቲ፣ የኢክላስ ኮምፒውተር ታሟል።» ሰው ሲረዱ ተመልካች ይወዳሉ።

ኢክላስ ጨርቅ አከፋፋይ ናት። የመጋዘኗን ዕቃ የሚመዘግበው ዳታቤዝ ሰርቨር ኮምፒውተሯ በሚሠራበት ሊኑክስ ላይ እንደ አዲስ ከተጫነ ወዲህ አልነሳም ብሏል። የጠየቀችው ባለሙያ ሁሉ «ደምስሰሽ ከዜሮ ጀምሪ» ይላታል። የዓመታት መረጃዋ ግን እዚያው ውስጥ ነው።

ጋሽ ጠሃ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ማነው ይህን የነካካው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ትናንት።»

«እንግዲያው ጥሩ ሰው ነው የነካው።»

ትናንት ሰርቨሩ «ፈቃድ የለም» ቢላቸው፣ ፋይሉን ሁሉ ለዓለም ሕዝብ ከፍተውለት ሄደዋል። ጠባያቸው ነው። ቤታቸው አይቆለፍም፤ ስልካቸው የሰፈሩ ስልክ ነው፤ በልጃቸው ሠርግ ካልተጠራው የተጠራው ያንስ ነበር። ሰርቨሩ ግን ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ተኮሳትሯል። ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ፦ ይህ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ለሌላው ካልተዘጋ አልነሳም።

«እንዲህ ያለ ቆንቋና አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ጠሃ። «ሰው አይወድም እንዴ?»

«ይዝጉለትና ይገላግሉኝ፣ ጋሼ። ነገ ጠዋት የጅማ ደንበኞቼ ይመጣሉ፤ ምን እንዳለኝ ሳላውቅ ምን ልሽጥላቸው?»

«ጎረቤት ቢፈልግስ?»

«ጎረቤት የኔ ዳታቤዝ ምን ያደርግለታል?»

ጋሽ ጠሃ እንግዳ ከደጅ እንደሚመልስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ፈቃዱን ይዘጉ ጀመር። ላሾፍባቸው አፌን ስከፍት «ቆይ፣ መጀመሪያ ኮፒ ልያዝላት፤ የልጅቷ እንጀራ ነው» አሉ። ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ። በመጨረሻ አዲስ የይለፍ ቃል አወጡና ሻይ ፉት ልበል ብለው ወጣ አሉ፤ ተመልሰው ቢያስነሱት ተነሳ። አቡጀዲው፣ ፖፕሊኑ፣ ሻሹ እየተከታተለ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ኢክላስ ጣቃ ጨርቅ ላይ ዘፍ ብላ ሳቀች። የእኔም ኮምፒውተር ሰሞኑን ያንገራግራል፤ ለማንም ሳልናገር ለእሳቸው ላሳያቸው ወሰንኩ።

ስንሰናበታት ጋሽ ጠሃ ከበሩ ዞር አሉና፣

«ኢክላስዬ፣ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋብሽ ሐሳብ አይግባሽ፤ ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ነግሬልሻለሁ» አሏት።